የጁካን ዋሻ የፈረሰው በሕጋዊ ፈቃድ ነው፤ ታዲያ ቅርስ የሚያድነው ሕግ የትኛው ነው?

የሕግ_ነገር (ክሩን የከፈተ)

የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች፣ የአቦርጂናሎች ቅርስ በተነሳ ቁጥር ጁካን ይጠቀሳል። አብዛኛው ሰው ግን «ኩባንያው ሕግ ጥሶ አፈረሰው» ብሎ ነው የሚያልፈው። አልጣሰም። የማዕድን ኩባንያው ሪዮ ቲንቶ ሜይ 24 ቀን 2020 በምዕራብ አውስትራሊያ ፒልባራ ሁለቱን ዋሻዎች በፈንጂ ሲያፈርስ ከ2013 ጀምሮ በእጁ ያለ የሚኒስትር ፈቃድ ነበረው። ሰው ከ46,000 ዓመት በፊት ሲጠለልበት የነበረ ቦታ በአንድ ወረቀት ሄደ። (ዓመትና ቀኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ጥያቄዬ፦ የየግዛቱን ሕግ በቅርብ የምታውቁ፣ ማሽኑ ከመድረሱ በፊት ቅርሱን የሚያድነው የትኛው አሠራር ነው? ፍልስፍናውን ተዉትና ማን እንደሚወስን፣ መቼ እንደሚጠየቅ፣ የት ላይ እንደሚሰናከል ንገሩኝ። ወደ ኢትዮጵያ ባንዞር ደስ ይለኛል፤ እሱ ራሱን የቻለ ክር ይፈልጋል።

ፒልባራ_ተመልካች

ነገሩን ለመረዳት የ1972ቱን የምዕራብ አውስትራሊያ የአቦርጂናል ቅርስ አዋጅ ሁለት አንቀጾች ጎን ለጎን ማንበብ ይበቃል። አንቀጽ 17 ቅርስ ያለበትን ቦታ መቆፈር፣ ማፍረስና መጉዳት ወንጀል ያደርገዋል። አንቀጽ 18 ደግሞ የማዕድን ይዞታ ያለውን ጨምሮ ባለይዞታው ለኮሚቴ እንዲያመለክት፣ ኮሚቴው ለሚኒስትሩ የውሳኔ ሐሳብ እንዲያቀርብ፣ ሚኒስትሩም እንዲፈቅድ ወይም እንዲከለክል ይደነግጋል። በማዕድን ይዞታ ላይ የቀረበው ማመልከቻ ከሞላ ጎደል ሁሉም ይፈቀድ ስለነበር፣ 17 የከለከለውን 18 ይፈታው ነበር።

ጁካን ላይ መጀመሪያ የተበላሸው ቅደም ተከተሉ ነው። ፈቃዱ በ2013 ተሰጠ፤ የማዳኛ ቁፋሮው የተካሄደው በ2014 ነው። ከቁፋሮው ወደ 7,000 የሚጠጋ ዕቃ ወጣ። ከካንጋሮ አጥንት የተሾለ፣ ዕድሜው 28,000 ዓመት ገደማ የሆነ መሣሪያ ነበር። ከሰው ፀጉር የተጎነጎነ፣ 4,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የመቀነት ቁራጭም ነበር፤ ዲኤንኤው ሲመረመር ከዛሬዎቹ ባለርስቶች፣ ከፑቱ ኩንቲ ኩራማና ፒኒኩራ ሕዝብ ጋር ዝምድና ተገኘበት። ይህ ሁሉ ሲታወቅ ግን የተሰጠን ፈቃድ በአዲስ መረጃ ምክንያት መልሶ የሚያስመረምር ድንጋጌ አዋጁ ውስጥ አልነበረም። ኩባንያው በውሳኔው ቅር ቢለው ይግባኝ ማለት ይችል ነበር፤ ባለርስቱ አይችልም ነበር።

ሁለተኛው፣ መረጃው በማን እጅ እንደነበረ ነው። ለማዕድን ጉድጓዱ አራት ንድፎች ነበሩ። ሦስቱ በተለያየ ርቀት ዋሻዎቹን ይተዋሉ፤ አራተኛው 8 ሚሊዮን ቶን ገደማ ተጨማሪ የብረት ማዕድን ስለሚያስገኝ ተመረጠ። ባለርስቶቹ ሦስቱ መኖራቸው አልተነገራቸውም። ይህ በፓርላማው ምርመራ ላይ ከኩባንያው ከራሱ የወጣ ነው። ፍንዳታው መቃረቡን የሰሙትም በሜይ አጋማሽ ቦታውን ለመጎብኘት ሲጠይቁ ነው፤ ያኔ ፈንጂው ጉድጓዶቹ ውስጥ መሞላት ጀምሯል።

ሙግተኛ

እሺ፣ ይህን ለማረም የወጣው የ2021ዱ አዋጅስ? በአምስት ሳምንቱ ነው የተቀበረው። ገበሬው አጥር ለመትከል ፈቃድ ጠይቅ ሲባል ጮኸ፣ መንግሥት ሸሸ። ሕግ ሲበዛ ቅርስ ይድናል የሚል ሰው ይህን ያስረዳኝ።

ፒልባራ_ተመልካች

አምስት ሳምንቱ ልክ ነው፦ ዲሴምበር 2021 ጸደቀ፣ ጁላይ 1 ቀን 2023 ሥራ ላይ ዋለ፣ ኦገስት 8 ላይ መንግሥት እንደሚሽረው አስታወቀ፣ ኖቬምበር 15 ላይ የ1972ቱ ተሻሽሎ ተመለሰ። የወደቀው ግን ሕግ ስለበዛ አይደለም። አዋጁ መሬት የሚነኩ ሥራዎችን በሦስት ደረጃ ከፍሎ ነበር፤ ቀላሉ በጥንቃቄ ብቻ ይሠራል፣ መካከለኛው ፈቃድ፣ ከባዱ የአስተዳደር ዕቅድ ይጠይቃል። ከ1,100 ካሬ ሜትር በታች የሆነ የመኖሪያ ቦታ ነፃ ነው። ችግሩ፣ ለአመልካቹ መልስ እንዲሰጡ የታሰቡት የየአካባቢው የአቦርጂናል ቅርስ አገልግሎቶች ሕጉ በጀመረበት ቀን ገና አልተቋቋሙም ነበር። ገበሬው «ማንን ልጠይቅ?» ሲል መልስ የሚሰጠው የለም። መመሪያዎቹም የወጡት መጨረሻ ሰዓት ላይ ስለነበር አጥሩ የትኛው ደረጃ ላይ እንደሚወድቅ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው።

በዚህ ላይ ብዙ የአቦርጂናል መሪዎች ራሳቸው ከመጽደቁ በፊት ተቃውመውታል፤ ስምምነት ሲጠፋ የመጨረሻው ቃል አሁንም የሚኒስትሩ ነውና። ከሁለት ያጣ ሕግ ሆነ።

ተሻሽሎ የተመለሰው የ1972ቱ አዋጅ ሁለት ነገር አትርፏል። የመሬት ባለርስትነታቸው የታወቀላቸው ወገኖች እንደ ኩባንያው ሁሉ ውሳኔውን በግዛቱ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ማስመርመር ይችላሉ። ፈቃድ የያዘውም አዲስ መረጃ ካገኘ ለሚኒስትሩ የማሳወቅ ግዴታ አለበት፣ ፈቃዱም እንደገና ሊታይ ይችላል። የ2014ቱ ቁፋሮ ዛሬ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ፋይሉን ያስከፍት ነበር።

ቀያሽ_ዘሜልቦርን

ከምዕራብ ወደ ቪክቶሪያ ልውሰዳችሁ፤ ለእኔ የተሻለ የሚሠራው እዚያ ያለው ነው። የ2006ቱ አዋጅ ውሳኔውን ከሚኒስትር አውጥቶ «የተመዘገበ የአቦርጂናል ወገን» ለሚባለው አካል ሰጠ። ዉሩንጄሪ፣ ቡኑሮንግ፣ ጉንዲችማራና ሌሎችም በየአገራቸው አንዳንድ ድርጅት አላቸው። ወገኖቹን የሚመዘግበው የቅርስ ምክር ቤት አባላት ራሳቸው ባለርስቶች ናቸው።

በአንድ ቦታ ላይ የቅርስ አስተዳደር ዕቅድ ግዴታ የሚሆነው ሁለት ነገር ሲገጣጠም ነው፦ ቦታው ቅርስ ሊኖርበት ይችላል በተባለ ክልል ውስጥ ከሆነ፣ ሥራውም ከባድ ጫና ያለው ተብሎ በደንቡ ከተዘረዘረ። ለምሳሌ ስም ካለው ወንዝ ወይም ጅረት በ200 ሜትር ውስጥ ያለ መሬት የመጀመሪያውን ያሟላል። በአንድ ቦታ ላይ ሦስትና ከዚያ በላይ ቤት መሥራት ሁለተኛውን ያሟላል። አንድ ወይም ሁለት ቤት ነፃ ነው። ክልሉን በመንግሥት የኢንተርኔት ካርታ ላይ በነፃ ማየት ይቻላል፤ ካርታው የሚያሳየው ክልሉን እንጂ ቅርሶቹ ያሉበትን ነጥብ አይደለም፤ መዝገቡ ለሕዝብ ክፍት አይደለም፣ እንዳይዘረፍም ትክክል ነው።

ከዚያ የቅርስ አማካሪ ትቀጥራለህ፣ ዕቅድ ማዘጋጀት መጀመርህን ለወገኑ በጽሑፍ ታስታውቃለህ። ወገኑ እገመግመዋለሁ አልገመግመውም የሚለውን በ14 ቀን ይመልሳል። ጥናቱ ከመዝገብ ይጀምራል፣ ወደ እግር ዳሰሳ ይሄዳል፣ ካስፈለገ ወደ ቁፋሮ። ዕቅዱ ሲገባ ወገኑ በ30 ቀን ያጸድቃል ወይም ይመልሳል። ዋናው ቁልፍ እዚህ ነው፦ ዕቅዱ ሳይጸድቅ ማዘጋጃ ቤቱ የፕላን ፈቃድ መስጠት አይችልም። ስለዚህ ባለርስቱ የሚጠየቀው ኤክስካቫተሩ ከመከራየቱ በፊት ነው።

ሰዎች የሚሰናከሉበት አንድ ቦታ አለ። «መሬቱ ድሮ ታርሷል፣ ቅርስ አይኖርበትም» ይላሉ። ደንቡ ተራ እርሻን እንደ ከባድ የመሬት ረብሻ አይቆጥርም። በማሽን የተደለደለ፣ የተቆፈረ፣ ወይም 60 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ጠልቆ የተሰነጠቀ መሆን አለበት፤ ማስረጃ የማቅረቡ ሸክምም የባለቤቱ ነው። የድሮ የአየር ፎቶ፣ የውኃና የፍሳሽ መስመር ንድፍ፣ የአፈር ምርመራ ሪፖርት ይዘህ ቅረብ። የጎረቤት ምስክርነት ብቻውን ብዙም አያራምድህም።

ወንፊት

ቀያሽ ቁፋሮውን በአንድ ቃል አለፈው፤ ገንዘቡም ጥፋቱም ያለው ግን እዚያ ነው። መሞከሪያው ብዙ ጊዜ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር ወይም 1 በ1 ሜትር ጉድጓድ ነው፣ በእጅ መሣሪያ ይቆፈራል። በኒው ሳውዝ ዌልስ የ2010 መመሪያ የመጀመሪያው ጉድጓድ በየ5 ሴንቲ ሜትር፣ የቀሩት በየ10 ሴንቲ ሜትር ንብርብር ይወርዳሉ፤ አፈሩ ሁሉ በ5 ሚሊ ሜትር ወንፊት ይነፋል። የሚቆፈረውም ቅርስ ይኖርበታል ከተባለው ስፍራ ከ0.5 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ፍለጋው ራሱ ጥፋት እንዳይሆን።

የሜልቦርን ምዕራብ ጥቁር ድንጋይና ሸክላ አፈር ነው። ሸክላው ደረቅ ሲነፋ ኳስ ኳስ ሆኖ ወንፊቱ ላይ ይቀራል፤ የተቸኮለ ቡድን ኳሱን እንዳለ ይደፋዋል፣ ትንንሾቹ የድንጋይ ስንጥሮች ከውስጡ ጋር ይሄዳሉ። ውኃ ይዞ በማጠብ መንፋት ግድ ነው፤ ዋጋ ላይ ካልገባ የመስክ ቀኑ ሲደርስ ሁሉም ይጨቃጨቃል። ሌላው ስህተት ጉድጓዶቹን በእኩል ርቀት ፍርግርግ ብቻ መጣል ነው። የወገኑ የመስክ ተወካዮች «ከጅረቱ በላይ ያለው ደረቅ ሸንተረር ላይ ነው ሰው የሚያድረው» ሲሉ ፍርግርጉን ትቶ ሸንተረሩን መከተል ያዋጣል። ተወካዩን ለፊርማ ብቻ የሚጠራ አማካሪ ባዶ ጉድጓድ ቆፍሮ ይመለሳል፣ ቅርሱ ግንባታ ላይ ይወጣበታል።

ሲድኒ_ጠረፍ

ወንፊት ስለ ኒው ሳውዝ ዌልስ ካነሳ አይቀር፣ የዚያ ግዛት ድክመት ሕጉ ያለበት ቦታ ነው። እስካሁን ለብቻው የቆመ የቅርስ አዋጅ የለውም፤ የአቦርጂናል ቅርስ የሚጠበቀው በ1974ቱ የብሔራዊ ፓርኮችና የዱር እንስሳት አዋጅ ውስጥ ነው። ይህ ብቻ ለሰዎቹ ምን እንደሚሰማቸው ገምቱ። የማፍረስ ፈቃዱን የሚሰጠው መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ማኅበረሰቡ «ይማከራል»፦ ለመመዝገብ ቢያንስ 14 ቀን፣ በጥናት ዘዴው ላይ 28 ቀን፣ በረቂቅ ሪፖርቱ ላይ ሌላ 28 ቀን። በጋዜጣ ማስታወቂያ አይቶ ማንም ሊመዘገብ ስለሚችል ቦታውን በቅርብ የሚያውቁት አዛውንቶች ከብዙ ተመዝጋቢ መሃል አንድ ድምፅ ሆነው ይቀራሉ።

መዝገቡን ለምታዩ ሁሉ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የድሮ ነጥቦች የተመዘገቡት በአሮጌው የካርታ መነሻ (የቦታ ልኬት የሚቆጠርበት መሠረት) ነው። ወደ አዲሱ ሳይቀየሩ ከተወሰዱ ነጥቡ 200 ሜትር ገደማ ይሸሻል። ቅርፊቱ ለታንኳ የተላጠው ዛፍ ካርታ ላይ ከመንገዱ ማዶ ይታያል፣ መሬት ላይ ግን መንገዱ መሃል ይቆማል። መዝገቡ ባዶ መሆኑም ማንም ሄዶ አልቆጠረም ማለት ብቻ ሊሆን ይችላል።

ሙግተኛ

ቀያሽ፣ ቪክቶሪያን አሳመርከው። ወገኑ ክፍያ የሚቀበልም፣ የሚያጸድቅም እሱ ከሆነ ይህ የጥቅም ግጭት አይደለም ወይ? ደግሞ እምቢ ካለስ?

ቀያሽ_ዘሜልቦርን

የግምገማው ክፍያ በደንብ የተተመነ ነው፣ እንደ ሥራው ስፋት። ማዘጋጃ ቤትም ለፕላን ፈቃድ ያስከፍላል፣ ያጸድቃልም፤ ለሱ ሲሆን ማንም አይገረምም። እምቢ ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ ይሰጣል፣ ባለ ሥራው ወደ ግዛቱ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ይሄዳል። ትክክለኛው ቅሬታ ሌላ ነው፦ ወገኖቹ የሰው ኃይል ያጥራቸዋል፣ የመስክ ቀን ለማግኘት ወረፋ አለ። ያንን የሚፈታው በጀት ነው እንጂ ሥልጣኑን መንጠቅ አይደለም።

ሕጉ ክፍተት የለበትም እያልኩ አይደለም። በኦክቶበር 2020 በዌስተርን አውራ ጎዳና ማስፋፊያ ላይ ጃብ ዉሩንግ ሴቶች የመንገድ መሪ ዛፍ የሚሉት ተቆረጠ። የተመዘገበው ወገን ከመንግሥት ጋር ተስማምቶ ነበር፤ ዛፉ ሥር ድንኳን ተክለው የተቀመጡት ግን አልተስማሙም። አንድ ድርጅት ለሁሉም ይናገራል የሚለው ግምት እዚያ ላይ ተሰነጠቀ።

የሕግ_ነገር

ለሁላችሁም ምስጋና። አንድ ያልተነካ ነገር አለ፦ አንዳንዱ ዕውቀት ምስጢር ነው፣ ሴቶች ብቻ ወይም ወንዶች ብቻ የሚያውቁት። ሕግ ማስረጃ አምጣ ሲል ምን ይደረጋል?

ጽላሎት

የዚህ መማሪያው በደቡብ አውስትራሊያ የሂንድማርሽ ደሴት ድልድይ ነው። የንጋሪንጀሪ ሴቶች ቦታው የሴቶች ምስጢር ያለበት ነው ብለው ተቃወሙ። የፌዴራሉ ሚኒስትር በጁላይ 1994 ድልድዩን ለ25 ዓመት አገዱት። ከሪፖርቱ ጋር ሴቶች ብቻ እንዲያነቧቸው ተብለው የታሸጉ ፖስታዎች ተያይዘው ነበር፤ ሚኒስትሩ ወንድ ስለሆኑ አልከፈቷቸውም፣ ሴት ሠራተኛ አነበበችላቸው። የፌዴራል ፍርድ ቤት በ1995 እገዳውን ሻረው። ይግባኙንም ተሸነፉ፤ የቀረበላቸውን ሐሳብ ሚኒስትሩ ራሳቸው ማጤን ነበረባቸው ተባለ። በዚያው ዓመት የግዛቱ መርማሪ ኮሚሽን ምስጢሩ የተፈበረከ ነው አለ፤ በ2001 አንድ የፌዴራል ዳኛ በሌላ ክስ ይህን አልተቀበሉም፤ ድልድዩ ግን በዚያው ዓመት ተመረቀ።

ከዚያ ወዲህ ጠንቃቃ ሰው የሚያደርገው የቦታውን ወሰን ሰጥቶ ታሪኩን መያዝ ነው። ለወሳኙ የሚቀርበው ሰነድ ላይ ካርታ፣ የሚከለከለው ሥራ፣ ማን እንደመሰከረ ይኖራል። ምስጢሩ ግድ ከሆነ ከማስገባት በፊት አንባቢው ማን እንደሚሆን በጽሑፍ ስምምነት ይያዝ፤ ፖስታ አሽጎ ተስፋ ማድረግ አይበቃም።

ዳርዊን_ጥግ

ጽላሎት ያለችውን በሕግ የሠራው ሰሜናዊ ግዛት ነው። በ1989ኙ የተቀደሱ ቦታዎች አዋጅ መሠረት የሚሠራው ባለሥልጣን 12 የቦርድ አባላት አሉት፤ አሥሩን የመሬት ምክር ቤቶች ከቦታዎቹ ጠባቂዎች መሃል ይጠቁማሉ፣ አምስት ወንድ አምስት ሴት። መንገድም ሆነ ማዕድን የሚሠራ ሰው ለባለሥልጣኑ ያመለክታል፣ የባለሥልጣኑ ሠራተኞች ጠባቂዎቹን መስክ ወስደው ያነጋግራሉ፣ ከዚያ ምስክር ወረቀት ይወጣል። ካርታው ላይ «እዚህ አትግባ፣ እዚህ ግባ ግን አትቆፍር» ይላል፤ ለምን እንደሆነ አይልም። ወረቀቱን አክብሮ የሠራ አይከሰስም፤ ኩባንያዎች የሚወዱትም ለዚህ ነው።

ወሰን ማክበር ብቻውን እንደማይበቃ ደግሞ ቡቱ ክሪክ አሳይቷል። የማንጋኒዝ ኩባንያው «ሁለት ሴቶች የተቀመጡበት» ከሚባለው ቦታ አጠገብ እየቆፈረና እያፈነዳ ሄደ፤ በ2011 የተቀደሰው አለት አንድ ክፍል ተደረመሰ። በ2013 የ150,000 ዶላር ቅጣት ተፈረደበት። ከዚያ የምወስደው፦ ወሰን ሲሰመር የድንጋዩ ጥንካሬና የንዝረት ርቀት አብሮ ይለካ። ካርታ ላይ ያለ መስመር ፍንዳታ አያቆምም።

ፒልባራ_ተመልካች

ሁሉም ሲያልቅ የሚቀረውን የፌዴራሉን የ1984 የነባር ሕዝቦች ቅርስ ጥበቃ አዋጅ ልጨምር። አንቀጽ 9 አስቸኳይ እገዳ ነው፦ እስከ 30 ቀን፣ ከነማራዘሚያው በድምሩ እስከ 60። አንቀጽ 10 ለረጅም ጊዜ ነው፤ ማስታወቂያ ይወጣል፣ ሁሉም ወገን ሐሳብ ይሰጣል፣ ለሚኒስትሩ ሪፖርት ይቀርባል። አስቸኳዩን የሚያመለክት ሰው አራት ነገር በእጁ ይኑር፦ ነጥቦቹ የተለኩበት ካርታ፣ ቦታው በባህሉ ምን እንደሆነ በባለርስቱ አንደበት የተጻፈ ቃል፣ ጉዳቱ መቼ እንደሚደርስ የሚያሳይ ሰነድ፣ በግዛቱ ሕግ ምን ተሞክሮ ምን እንደቀረ። የመጨረሻውን ሰው ይረሳዋል፤ ሚኒስትሩ የግዛቱን ሚኒስትር ሳያማክሩ ማወጅ ስለማይችሉ ግን ጊዜ የሚበላው እሱ ነው።

ፖለቲካውም ቀላል አይደለም። በኦገስት 2024 በኒው ሳውዝ ዌልስ በብሌኒ አቅራቢያ የማክፊላሚስ የወርቅ ማዕድን ዝቃጭ ግድብ በአንቀጽ 10 ሲታገድ ዊራጁሪ ባለርስቶች ደገፉት፣ የኦሬንጅ የአቦርጂናል የመሬት ምክር ቤት ግን የተለየ አቋም ነበረው። ኩባንያው ወዲያው «ማንን ልስማ?» አለ። ይህ ጥያቄ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ካልተመለሰ በኋላ ፍርድ ቤት ነው የሚመልሰው።

ሰንሻይን_ነዋሪ

ክሩን አሁን ነው ያገኘሁት። ለቀያሽ፦ 900 ካሬ ሜትር ቦታ፣ ከጅረት 150 ሜትር፣ ሦስት ቤት ለሚሠራ ሰው ይህ ዕቅድ ግዴታ ነው ወይስ አይደለም? ማዘጋጃ ቤትና አማካሪ የተለያየ ይነግራሉ።

ቀያሽ_ዘሜልቦርን

ለቤቶቹ ግንባታ ብቻ ከሆነ ግዴታ አይደለም፤ ከ0.11 ሄክታር፣ ማለት ከ1,100 ካሬ በታች ያለ ቦታ ከባሕርና መሪ (Murray) ከሚባለው ወንዝ 200 ሜትር ውጭ እስከሆነ ድረስ ነፃ ነው። መሬቱን ለሦስት መከፋፈል ግን በደንቡ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ሁለቱ የተለያየ መልስ የሚሰጡህ አንዱ ስለ ግንባታው፣ ሌላው ስለ ክፍፍሉ እያወራ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ለይተህ፣ የእያንዳንዱን መልስ በጽሑፍ ጠይቅ። ነፃ ብትሆንም ቅርስ መጉዳት ወንጀልነቱ አይቀርም፤ መሠረት ሲቆፈር በሰው እጅ የተሾሉ ድንጋዮች ወይም የዛጎል ክምር ከወጣ ሥራውን አቁመህ ለወገኑና ለግዛቱ ቅርስ ቢሮ አስታውቅ። አጥንት ከሆነ ምንም ሳትነካ መጀመሪያ ፖሊስ ጥራ።